ዕዳው የእኔ፣ ስድቡ የማን? በብድር አስመላሽ ሲዋከቡ የትኛው በር ይሻላል

አያቶቻችን ቁራኛ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። አበዳሪና ባለዕዳ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይቋጠራሉ፤ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ሥርዓቱ ጨካኝ ቢሆንም አሳሪውም አብሮ ይታሰር ነበር። ዝናቡ ባለዕዳውን ሲመታው እሱንም ይመታዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ዳኛ ዘንድ ለመድረስ ይቸኩላሉ። የዛሬው ቁራኛ ስልክ ነው። የዛሬው አሳሪ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ቡናውን እየጠጣ፣ በቀን 15 ጊዜ መደወል ይችላል።

ይህን የምጽፈው ደርሶብኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ለሚኖር የአክስቴ ልጅ የዶሮ እርባታ ብድር ዋስ ሆኜ ፈረምሁ። ዶሮዎቹ በበሽታ አለቁ፤ እኔም ለስድስት ወር ያህል የዚያ ስልክ ቁራኛ ሆንሁ። የብድር ሠራተኛው ማታ ሦስት ሰዓት ይደውላል። ለሥራ ባልደረቦቼ ስሜን «አጭበርባሪ» ከሚል ቃል ጋር አያይዞ መልእክት ላከ። በመጨረሻም ገጠር ላለችው እናቴ ደውሎ «ልጅሽ ሊታሰር ነው» አላት። እናቴ ብድር የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አታውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ያጠፋሁት ጥፋት ዕዳውንና ውርደቱን አንድ አድርጌ ማየቴ ነው። ገንዘብ ስላለብኝ መሰደብም ያለብኝ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ዕዳው የሚፈታበት በርና ስድቡ የሚቆምበት በር አንድ አይደለም። የትኛውን ማንኳኳት እንደሚሻል የሚወስነው ደግሞ በቅድሚያ የሚደውለው ሰው ማንነት ነው።

የሚደውለው ማን ነው?

የባንክ ወይም የአነስተኛ ብድር ተቋም ሠራተኛ ከሆነ ገንዘቡ የእሱ አይደለም፤ የመቀነስም ሆነ የመማር ሥልጣን የለውም። ያለው ከአለቃው የተሰጠው የማስመለሻ ዕቅድ ነው። በእሱ ላይ መጮህ በር ጠባቂን መሳደብ ነው። በገጠር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለዓመታት ባስፋፋው ዓይነት የቡድን ብድር፣ አባላቱ አንዱ ለሌላው ዋስ ናቸው። አንዱ ሳይከፍል ሲቀር የሚያዋክበው የተቋሙ ሰው ብቻ አይሆንም፤ አብሮ የፈረመው ጎረቤት ነው፣ የልጅ ክርስትና አባት ነው። «ዕዳ ከሜዳ» የሚባለው የደረሰባቸው እነዚህ ናቸው፤ እነሱን እንደ ጠላት መቁጠር አይገባም።

በስልክ መተግበሪያ የሚገኝ ብድር ከሆነ ከጀርባው ፈቃድ ያለው ባንክ መኖር አለመኖሩን ያጣሩ። ካለ አቤቱታ የሚቀበል አካል አለ ማለት ነው። ስሙ የማይታወቅና በቴሌግራም ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ በተለይም ብድሩን ሳይሰጥ «የማስኬጃ» ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ያ አበዳሪ ሳይሆን ሌባ ነው፤ ከዚህ በታች ካሉት በሮች የፖሊሱ ብቻ ይመለከተዋል።

ሦስተኛው የአራጣ አበዳሪ ነው። እሱ እምብዛም አይደውልም፤ ራሱ ይመጣል። በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ ይቆማል። ስለ እሱ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስልክ ማጥፋት

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ይህንን ነው። እኔም ለሦስት ሳምንት ሲም ካርድ ቀይሬ ነበር። ሰላም አገኘሁ፣ እንቅልፍ ተኛሁ፤ እናቴ ዘንድ የተደወለውም በዚያው ሦስተኛ ሳምንት ነው። እኔ ስጠፋ የብድሩ ፎርም ላይ ተጠሪ ተብለው የተጻፉት ሰዎች ተፈለጉ። ቅጣቱም መቁጠሩን አላቆመም። ከሁሉም የከፋው፣ በኋላ «ልክፈል፣ ጊዜ ስጡኝ» ብዬ ስቀርብ ሥራ አስኪያጁ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ጠፍተው ነበር» የሚል መሆኑ ነው።

ስለዚህ ይህን በር አልመክርም። መካከለኛ መንገድ ግን አለው። «ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ ብቻ ይነጋገሩኝ፤ ለቤተሰቤና ለመሥሪያ ቤቴ እንዳይደውሉ» የሚል አጭር መልእክት ልኮ ጥሪውን አለማንሣት ከመጥፋት የተለየ ነው። አድራሻዎን አልሸሸጉም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስድብም በጽሑፍ ይመጣል፣ ጽሑፍ ደግሞ ማስረጃ ነው።

ሽምግልና

በእኛ አገር የመጀመሪያው ሐሳብ ሽማግሌ መላክ ነው፤ በቦታው ሲሆን ከሁሉም ርካሽና ፈጣን ነው። የት ነው ቦታው? አበዳሪው የራሱን ገንዘብ ያበደረ ሰው ሲሆን። ባለ ሱቅ፣ ዘመድ፣ የማኅበር ጓደኛ፣ የአራጣ አበዳሪም ቢሆን። እንዲህ ያለ ሰው ነገ በዚያው ሰፈር ይኖራል፣ እድሩ ውስጥ አለ፣ ከቅዳሴ መልስ አውደ ምሕረቱ ላይ ሽማግሌዎቹን ያገኛቸዋል። ሦስት የተከበሩ ሰዎች «ደጃፏ ላይ መቆምህን ተው» ቢሉት ከፖሊስ መጥሪያ ይልቅ ይሰማል።

እኔ ሽማግሌ የላክሁት ወደ ብድር ሠራተኛው ነበር። የነፍስ አባታችንና ሁለት የእድር ሰዎች ሄዱ። በአክብሮት ተቀበላቸው፣ ሻይ ጋበዛቸው፣ «አባቶቼ፣ ገንዘቡ የእኔ ቢሆን በምሬላችሁ» ብሎ ሸኛቸው። እውነቱን ነው። ያተረፍሁት ማታ ማታ መደወሉን ለሁለት ሳምንት መቀነሱን ብቻ ነው።

ሽምግልና ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው አዲስ ወረቀት ነው። አራጣ አበዳሪ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «እሺ፣ ጊዜ እሰጣለሁ» ይልና ወለዱን ከዋናው ደምሮ አዲስ ውል ያስፈርማል። 20 ሺህ ብር የተበደረች ሴት 34 ሺህ ብር «በጥሬ ገንዘብ ተበድሬአለሁ» ብላ ትወጣለች፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ምስክር ይሆናሉ። ወለድ የሚለው ቃል ከወረቀቱ ላይ ጠፍቷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ግለሰቦች በገንዘብ ብድር ላይ የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 መብለጥ የለበትም፤ አራጣም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል። ይህ ሁሉ መከላከያ ግን ወለዱ ዋና ገንዘብ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ለማስረዳት እጅግ ይከብዳል። የሽምግልናው ወረቀት ዋናው ስንት እንደሆነ፣ እስካሁን ስንት እንደተከፈለ፣ ቀሪው ስንት እንደሆነ ለየብቻ ይጻፍበት። አበዳሪው በዚህ ካልተስማማ ከነሽማግሌዎቹ አመስግነው ይነሡ።

ሁለተኛው ወጥመድ ለቆየ ዕዳ ነው። ሕጉ የተለየ ጊዜ ካልወሰነ በቀር በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ በአሥር ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ይርጋ ማለት ከሶ የመጠየቂያ ጊዜው ማለፍ ነው። ነገር ግን ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ ለምሳሌ ትንሽ ገንዘብ ከከፈለ ወይም ዋስ ከጠራ፣ ይርጋው ይቋረጥና ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ዕዳ ላይ «ለሽማግሌ ክብር» ተብሎ የሚከፈል 500 ብር ምን እንደሚያስከትል ዐውቆ መክፈል ነው። መክፈል አይገባም አላልሁም፤ ያ የኅሊና ጉዳይ ነው።

ቅርንጫፉ ድረስ መሄድ

አስመላሹ የተቋም ሰው ከሆነ እኔ ከሁሉም በፊት የማስቀድመው ይህን ነው። ከሠራተኛው በላይ ወዳለው ሥራ አስኪያጅ፣ በአካል፣ ማመልከቻ ይዞ መሄድ። ማመልከቻው ሁለት ነገር ይለያል፤ በአንድ በኩል ዕዳውን እንዴት ለመክፈል እንዳሰቡ፣ በሌላ በኩል ሠራተኛው ምን እንዳደረገ፣ መቼና በስንት ሰዓት። ሁለት ቅጂ ይሠራል፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፣ ሌላው ላይ ማኅተምና ቀን አስመትቶ መመለስ ነው። ያለ ማኅተም የተሰጠ ማመልከቻ እንዳልተሰጠ ነው።

ከመሄድዎ በፊት ውሉን ያንብቡ። ይህ ቀላል ምክር ይመስላል፤ እኔ ግን የፈረምሁትን ውል ቅጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብሁት በአምስተኛው ወር ነው። ሠራተኛው በየቀኑ ሲጠይቀኝ የነበረው 97 ሺህ ብር ነው። ውሉ ላይ የዋስትናዬ ጣሪያ 80 ሺህ ብር ተብሎ ተጽፏል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚገደድበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም ካልተጠቀሰ ውሉ አይጸናም። 17 ሺህ ብሩን ለማስቀረት ክርክር እንኳ አላስፈለገም፤ ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን ሲያይ «ይታረማል» አለ፣ ታረመ።

ስለ አከፋፈል ስትነጋገሩ የክፍያውን ጊዜ ከገቢዎ ወቅት ጋር ያስማሙት። ይህ በተለይ ለገበሬ ነው። ጤፍ ታጭዶ በሚወቃበት ሰሞን የማዳበሪያውም የብድሩም ጠያቂ በአንድ ላይ ይመጣል፤ ሁሉም ለመክፈል ይሸጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ከዚያው እህል ጥቂቱን እስከ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ማቆየት የቻለ በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ «ግማሹን በጥር፣ ግማሹን በሚያዝያ» ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ተቋሙም ገንዘቡን የሚያገኝበት ሒሳብ ነው። «በየወሩ እከፍላለሁ» ብሎ በሐምሌና በነሐሴ ማጣት ግን ውክቢያውን እንደገና መጥራት ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም መንገድ ሲዘጋ የክፍያ ቀን ያለፈባቸውም ይህንኑ በማመልከቻቸው ላይ ከነቀኑ ይጻፉት።

በሠራተኛው እጅ ጥሬ ገንዘብ አይስጡ። በብድሩ ሒሳብ ቁጥር ያስገቡና ደረሰኙን ይያዙ።

ይህ በር ደካማ የሚሆነው ቤት ወይም ሌላ ንብረት በመያዣ ለተያዘበት ሰው ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የያዘውን ንብረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። የ30 ቀን ደብዳቤ የደረሰው ሰው ስለ ስድብ አቤቱታ ሲጽፍ ቀኑ እንዳያልቅበት፤ በዚያ ወር ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጠው ለድርድሩ ነው።

ከቅርንጫፉ በላይ

ቅርንጫፉ መልስ ካልሰጠ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ እዚያም ካልሆነ ወደ ብሔራዊ ባንክ ይኬዳል። ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ጥበቃ የሚመለከት መመሪያ አለው፤ በዚህ በር የሚመጡ አቤቱታዎች መጀመሪያ ተቋሙ ራሱ እንዲያያቸው ይጠበቃል። ማኅተም ያለበት ቅጂ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ዛቻ ላለበት ሰው አይሆንም። ነገር ግን «ግልባጭ ለብሔራዊ ባንክ» የምትለው መስመር በቅርንጫፍ ደረጃ ያላትን ኃይል አይናቁ። የእኔ ማመልከቻ በመጀመሪያው ሳምንት መልስ ያገኘው በእሷ ይመስለኛል።

ፖሊስ

ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሄደ ባለዕዳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ክፈልና ተገላገል።» መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ዕዳው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ስለዚህ ስለ ዕዳው አይናገሩ። «ገንዘብ አለብኝ፣ እሱን በሌላ መንገድ እየጨረስሁ ነው። የመጣሁት ቤትህን አቃጥላለሁ ስላለኝ ነው» ብለው ይጀምሩ። ከባድ ጉዳት አደርስብሃለሁ ብሎ ሰውን ማስፈራራት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 በግል አቤቱታ ያስቀጣል። የግል አቤቱታ የሚቀርብባቸው ወንጀሎች ቀነ ገደብ አላቸው፤ ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቁ በሦስት ወር ውስጥ ካላመለከቱ መብቱ ያልፋል። ብዙ ሰው «ትንሽ ልታገሥ» ሲል የሚያልፈው ይህ ነው።

ዛቻው ወይም ስም ማጥፋቱ በስልክ መልእክት፣ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ የመጣ ከሆነ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ይጠቅማል። መልእክት ደጋግሞ እየላኩ ሰውን ወይም ቤተሰቡን ማስጨነቅ በዚሁ አንቀጽ ተጠቅሷል፤ ቅጣቱም ከአንቀጽ 580 የከበደ ነው። መልእክቶቹን አያጥፉ። ፎቶ ያንሡ፣ ስልኩን ሳይቀይሩ ያቆዩ፣ የጥሪዎቹን ቀንና ሰዓት በደብተር ይመዝግቡ። ከጎን ሆኖ የሰማ ሰው ካለ ስሙን ይያዙ።

የዚህ በር ጉዳቱ የሚመቸው ከድርድር በኋላ እንጂ ከድርድር በፊት አለመሆኑ ነው። በአራጣ አበዳሪ ላይ ከሆነ ደግሞ ከጣቢያ ወጥተው የሚመለሱት እሱ ወዳለበት ሰፈር ነው፤ ብቻዎን አይሂዱ፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ይወቁት። ዛቻው አካልን የሚመለከት ሲሆን ግን ቅደም ተከተል የለውም፤ ፖሊስ መጀመሪያ ነው።

ደግሞ «ትታሰራለህ» ስለሚለው። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ አንድ ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። ፍርድ ቤት ከፈረደ በኋላ መክፈል እየቻለ በሚያደናቅፍ ባለዕዳ ላይ የሚወሰደው እርምጃ ሌላ ነው። ቼክም ሌላ ነው፤ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ መስጠት በአንቀጽ 693 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። «ለመተማመኛ» ተብሎ ቼክ የፈረመ ሰው በዚህ ጽሑፍ ሳይጽናና ዛሬውኑ የሕግ ባለሙያ ያማክር።

ፍርድ ቤት

«እከስሃለሁ» ሲባሉ ብዙዎች ይደነግጣሉ። እኔ ግን አንዳንድ ጊዜ «ክሰሱኝ» ማለት ከሁሉም የተረጋጋው መልስ ነው እላለሁ፤ በተለይ መጠኑ ላይ ክርክር ሲኖር። ዳኛ ፊት ማንም በቀን 15 ጊዜ አይጮህም። አበዳሪው ማስረዳት ይኖርበታል፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር በምስክር አይረጋገጥም። ተስማምታችሁ ከሆነም የስምምነቱ ወረቀት በፍርድ ቤት ሊመዘገብ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አበዳሪው ሌላ ቁጥር ይዞ መምጣት አይችልም።

ፍርድ ቢፈረድብዎትም ሁሉም ነገር አይወሰድም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የቤተሰቡን አስፈላጊ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃና መኝታ፣ የሙያ መሣሪያን፣ ለገበሬ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለኑሮው ያስፈልጋሉ የሚላቸውን ከብቶችና ዘር ከመያዝ ነጻ ያደርጋል። «በሬህን ነድቼ እሄዳለሁ» እያለ የሚያስፈራራ አስመላሽ ይህን አይነግርዎትም። ለተቀጣሪውም እንዲሁ ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም፤ ያውም በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው እንጂ አለቃ ዘንድ ስለተደወለ አይቆረጥም።

ወጪው ያስፈራል። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ጠበቃ ከመያዝ በፊት እዚያ ውሉን ማሳየት ምንም አያስወጣም።

ታዲያ የቱን?

እንደ እኔ ዋስ ሆኖ በተቋም ሠራተኛ ለሚዋከብ ሰው፣ ውሉን አንብቦ ወደ ቅርንጫፉ፣ ከግልባጭ ጋር። በአራጣ አበዳሪ ለተያዘች ባለ ጠላ ቤት፣ ሽማግሌ፤ ወረቀቱ ግን በተለየ ሒሳብ ካልተጻፈ አትፈርም፣ እምቢ ካለ ወደ ሕግ። የቡድን ብድር ላለበት ገበሬ ከአብሮ ፈራሚዎቹ ጋር አንድ ላይ ሆኖ የክፍያ ጊዜ መጠየቅ፤ ለየብቻ የመጣን ለየብቻ መግፋት ይቀላልና። በመልእክት ለሚሰደብ ወጣት፣ ማስረጃውን ይዞ ፖሊስ፣ ሦስት ወሩ ሳያልፍ። መያዣ ላለበት ሁሉ የ30 ቀኑ ደብዳቤ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

እኔ 80 ሺህ ብሩን ከአክስቴ ልጅ ጋር ተካፍለን በአሥራ አንድ ወር ጨረስን። የብድር ሠራተኛው ሌላ ክፍል ተዛወረ፤ ይቅርታ አልጠየቀም። የመጨረሻውን ክፍያ በፈጸምን ዕለት ሥራ አስኪያጁ «በቃ፣ አልቋል» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ወንበሬን ሳልለቅ ከዕዳ ነጻ መሆናችንን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጠየቅሁ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠረኝ። ሄጄ ተቀበልሁ። አንዱ ቅጂ እናቴ ዘንድ፣ ከዳዊቷ ገጾች መካከል ተቀምጧል።